ክሊፕሽሆርን፦ የቤቱን ግድግዳ አካሉ ያደረገ ስፒከር

ክሊፕሽሆርንን ከሳሎኑ ጥግ ስበው ወደ መሀል ቢያወጡት ወፍራሙ ድምፅ ወዲያው ይሳሳል። የአሮጌዎቹ ሞዴሎች ጀርባ ክፍት ነው፤ ከሣጥኑ የሚወጣውን ድምፅ ተቀብለው ወደ አድማጩ የሚመሩት ሁለቱ የቤቱ ግድግዳዎች ናቸው። ስለዚህ ይህን ስፒከር የሚገዛ ሰው የሚገዛው የመሣሪያውን ከፊል ብቻ ነው። ቀሪውን ቤቱ ማሟላት አለበት።

የፈጠሩት አሜሪካዊው መሐንዲስ ፖል ዊልበር ክሊፕሽ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1904 ኢንዲያና ውስጥ ተወለዱ፤ በወጣትነታቸው ቺሊ ሄደው የኤሌክትሪክ ባቡሮች ጥገና ላይ ሠርተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሠራዊቱ አርካንሳስ ውስጥ ሆፕ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በተኩስ መፈተኛ ጣቢያ መደባቸው። ጦርነቱ ሲያበቃ እዚያው ቀርተው በ1946 የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። ክሊፕሽሆርን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ማሻሻያ እየተደረገለት እስከ ዛሬ ይመረታል፤ ፈጣሪው ግን በ2002 በ98 ዓመታቸው አርፈዋል።

ክሊፕሽሆርን የሚሠራው በጥሩምባ ነው፤ ብልሃቱ ግን አዲስ አይደለም። እረኛ ከማዶ ያለውን ሰው ሲጣራ መዳፎቹን አፉ ዙሪያ እንደሚሰበስብ ሁሉ፣ ጥሩምባም ድምፁን ሰብስቦ ይልካል። ከዚህም በላይ ሌላ ሥራ አለው። የስፒከር ዲያፍራም ገላጣ አየር ላይ ሲርገበገብ አየሩ ስለሚሸሸው አብዛኛው ጉልበት በከንቱ ይቀራል። ከጠባብ ጉሮሮ ተነሥቶ ቀስ በቀስ የሚሰፋ ቱቦ ሲገጠምለት ግን የሚገፋው አየር ይከብዳል፤ በትንሽ እንቅስቃሴም ብዙ ድምፅ ይወጣል። በአብያተ ክርስቲያናትና በመስጊዶች ጣሪያ ላይ የምናያቸው ጥሩምባዎች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። እነሱ ግን ንግግር ለማድረስ የታሰቡ ስለሆኑ ባስ አይጠበቅባቸውም።

ችግሩ ያለው ባሱ ላይ ነው። የ35 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ ወደ 10 ሜትር ይረዝማል፤ ይህን በቀጥታ የሚያስተናግድ ጥሩምባ ሳሎን ውስጥ አይገባም። ክሊፕሽ ጥሩምባውን ሣጥን ውስጥ አጣጠፉት፤ ሣጥኑንም ጥግ ላይ አስቀመጡት። ወለሉና ሁለቱ ግድግዳዎች ድምፁ የሚሰራጭበትን ቦታ ወደ አንድ ስምንተኛ ስለሚያጠቡት፣ የሚያስፈልገው የጥሩምባ አፍም በዚያው ልክ ያንሳል። 38 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የባስ ስፒከር ከውስጥ ተደብቋል፤ ከ400 ኸርዝ በላይ ያለውን መካከለኛ ድምፅ ሌላ ጥሩምባ ይረከባል፤ ቀጭኑን ደግሞ ትንሿ ትዊተር ትጨርሰዋለች።

ውጤቱ በቁጥር ሲነገር ይገርማል። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት፣ ወደ 105 ዴሲቤል ይሰጣል። 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር ይህን ለመድረስ ከ30 ዋት በላይ ይፈልጋል። ለዚህ ነው 8 ዋት ገደማ የምትሰጥ ባለ ቫኪዩም ቱቦ አምፕሊፋየር ቤቱን የምትሞላው። ፈጣሪው ይበልጥ የሚመኩበት ግን ጩኸቱ አልነበረም፤ ዲያፍራሙ እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ የድምፁ መዛባት ያንሳል ይሉ ነበር።

አብሮት ለመኖር ግን ቻይ መሆን ያስፈልጋል። አንዱ ስፒከር 1.3 ሜትር ገደማ ቁመት አለው፤ ክብደቱ እንደ ዘመኑ ከ75 እስከ 100 ኪሎ ይደርሳል። ሌላ ስፒከር የሚሸፍነውን የአምፕሊፋየርና የሽቦ ጥቃቅን ጫጫታ ይህ አይሸፍንም፤ ሁሉንም ያሰማል። አቅጣጫውም በጥጉ የተወሰነ ነው። ሁለቱ ስፒከሮች የሚያዩት ወደ ክፍሉ መሀል ስለሆነ ወንበሩ ድምፃቸው በሚገናኝበት አካባቢ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ስፒከሩን ሳይሆን ሶፋውን ያንቀሳቅሳል።

ክሊፕሽ የማይረባ ወሬ ሲሰሙ የኮታቸውን ኮሌታ ገልብጠው የሚያሳዩት ቢጫ ባጅ ነበራቸው፤ የተጻፈበት ቃል በጨዋ አፍ አይነገርም። የስፒከር ማሻሻያ ገበያ ውስጥ የሚገባ ሰው ያን ባጅ ቢይዝ አይጎዳም። ከወርቅ ሽቦና ከውድ ዕቃ በፊት ነጻ ወይም ርካሽ የሆኑ ሥራዎች አሉ።

መጀመሪያ ጥጉ ይታይ። ከግድግዳው ግርጌ ያለው ዞኮሎ ሣጥኑን ገፍቶት ክፍተት ከተፈጠረ ባስ በዚያ ያመልጣል፤ በስፒከሩ ጠርዝና በግድግዳው መካከል ለስላሳ ስፖንጅ መለጠፍ ያድነዋል። ከባስ ስፒከሩ ጀርባ ያለው ክፍልም አየር ማሳለፍ የለበትም፤ የመክፈቻው ብሎኖችና ማሸጊያው ይፈተሹ። ቀጥሎ ድምፁን ለሦስት የሚከፍለው ክሮስኦቨር አለ። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በአሥርት ዓመታት ውስጥ ይደክማሉ፤ ቀጭኑ ድምፅም ይደበዝዛል። መፍትሔው የሁለቱንም ስፒከሮች ካፓሲተሮች ተመሳሳይ መጠን ባላቸው አዳዲሶች በአንድ ጊዜ መቀየር ነው። ከ1979 በፊት የተሠሩ ባለ ዘይት ካፓሲተሮች ፒሲቢ የተባለ መርዝ ሊኖራቸው ስለሚችል አይከፈቱም፤ እንደ ተራ ቆሻሻም አይጣሉም።

የመካከለኛው ጥሩምባ ብረት ከሆነና ሲመታ እንደ ደወል ካስተጋባ፣ ከውጭ በኩል ንዝረት የሚውጥ ለስላሳ ነገር ይለጠፍበታል። መካከለኛው ድምፅ ጆሮ ላይ ከጮኸ ደግሞ ክሮስኦቨሩ ላይ ባለው ትራንስፎርመር አንድ ሽቦ ወደ ጎረቤቱ መውጫ ማዛወር በ3 ዴሲቤል ያወርደዋል። ሆኖም የካፓሲተሩ መጠን አብሮ ካልተስተካከለ የድምፁ ክፍፍል ይዛባል። ትዊተሩንና ጥሩምባውን በአዲስ መተካት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያኔም የወጣው ዕቃ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ የጥንቱን መልክ የሚፈልግ ገዢ ይጠይቀዋልና።

በአንድ ግድግዳ ሁለት ጫፍ በር፣ መስኮትና ቁም ሣጥን የሌለባቸው ጥጎች የሌሉት ሰው አሮጌ ክሊፕሽሆርን ባይገዛ ይሻለዋል። ጥግ የማይፈልገው ታናሽ ወንድሙ ላ ስካላ አለለት፤ ባሱ ያን ያህል ባይወርድም የትም ቢቀመጥ ይሠራል። ስለዚህ ሜትሩ ከገንዘቡ በፊት ይውጣ።