ሃርድ ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» ካለ አጥፉት

የፒያሳ ነባር ሰፈሮች በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱ ወዲህ የብዙ ነዋሪ የግቢና የሠርግ ፎቶ የቀረው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» ማለት ከጀመረ ወዲያው አጥፉት። ውስጡ ያለው ሳህን በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይሽከረከራል፤ አንባቢው ጭንቅላት ከላዩ የፀጉር ውፍረት ያህል እንኳ አይርቅም። ከነካው መረጃውን ይፍቀዋል። «አንዴ ልሞክረው» ነው ብዙውን የሚጨርሰው።

«ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስ መጫን ይበቃል» የሚሉ አሉ። ኮምፒውተሩ ይነሳ ይሆናል፤ አዲሱ ዊንዶውስ ግን ፎቶዎቹ ላይ ሊጻፍ ይችላል። መጀመሪያ ባለሙያ ዲስኩን እንዳለ ወደ ጤነኛ ዲስክ ይገልብጠው፣ ፍለጋው ከቅጂው ይሁን። ወጪው ይከብዳል ቢባል እውነት ነው፤ ግን ማሽኑን በኋላ በኤስኤስዲ ማደስ ይቻላል፣ የፈረሰውን ግቢ ዳግም ፎቶ ማንሳት አይቻልም። ለባለሙያ ስትሰጡ «ሳይገለበጥ ፎርማት እንዳታደርገው» በሉት።