ካርድ ቁጥርዎን ይያዙ፦ ስለ ሆስፒታል መረጃ አራት ተረቶችና እውነታዎች

በኢሉ አባቦር ዞን፣ ያዮ ላይ የታመመ ሰው ሕመሙ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ሲሆን ሪፈር ይዞ፣ ሁሩሙን አልፎ መቱ ካርል ሆስፒታል ይደርሳል። እዚያም ከሐኪሙ በፊት የሚያገኘው ካርድ ክፍልን ነው።

ተረት፦ ካርድ ቁጥር ባይያዝም ስም መናገር ይበቃል፤ ካልተገኘ አዲስ ካርድ ማውጣት ነው።

እውነታ፦ በአገራችን የቤተሰብ ስም የለም፤ የሚጻፈው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። ስመ ሞክሼ ብዙ ነው። የኦሮምኛ ስም በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ መዝጋቢ «ገመቹ»፣ ሌላው «ገማቹ» ይለዋል። ቁጥሩ ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው። አዲስ ካርድ በወጣ ቁጥር የቀድሞው የደም ግፊት ልኬት፣ የላቦራቶሪ ውጤትና የማይስማማው መድኃኒት በአሮጌው ማህደር ውስጥ ይቀራሉ። ሐኪሙ ከዜሮ ይጀምራል፤ ምርመራውም ወጪውም ይደገማል።

ተረት፦ ኮምፒውተር ከገባ ችግሩ ያበቃል።

እውነታ፦ ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ያዋለው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለ የኮምፒውተር የጤና መረጃ ሥርዓት በዋናነት የሚሰበስበው ድምር ነው፦ ስንት እናቶች ወለዱ፣ ስንት ሰው ለወባ ታከመ። የእያንዳንዱ ታካሚ ታሪክ ግን በብዙ ቦታ ዛሬም ያለው በወረቀት ማህደር ነው። ድምሩም የሚወጣው ከመዝገብ ስለሆነ ባለሙያው ያልመዘገበውን ኮምፒውተር አያውቀውም። በየወሩ የተወሰኑ መረጃዎች ተመርጠው ሪፖርቱ ከመዝገቡ ጋር እንዲመሳከር የሚደረገውም ለዚህ ነው።

ተረት፦ ሪፖርት ለበላይ አካል የሚሠራ ሥራ ነው።

እውነታ፦ የመድኃኒት ፍጆታና ቀሪ ክምችት በየሁለት ወሩ ሪፖርት ይደረጋል፤ ቀጣዩ አቅርቦት የሚሰላውም በዚያ ነው። ዛሬ ሳይመዘገብ የወጣ መድኃኒት ነገ «አልቋል» የሚል መልስ ሆኖ በሽተኛው ላይ ይመጣል።

ተረት፦ ሪፈር ከተጻፈ የጤና ጣቢያው ድርሻ አበቃ።

እውነታ፦ ሪፈር ደርሶ መልስ ነው። ሆስፒታሉ ያገኘውን በሽታ፣ የሰጠውን ሕክምናና ቀጣዩን ክትትል ጽፎ ለላከው ጤና ጣቢያ መመለስ ይገባዋል። ታካሚው ቤቱ ያዮ ነው፤ ቁስሉ ቢያመረቅዝ ወይም ኪኒኑ ባይስማማው ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጤና ጣቢያው ነው። መልሱ ካልደረሰ እዚያ ያለው ባለሙያ በግምት ያክማል።

ስለዚህ ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ የቀጠሮ ካርድዎን ይያዙ፤ ቁጥሩንም ለቤተሰብ ያስይዙ። ሲወጡም «ለጤና ጣቢያዬ የሚሰጥ መልስ ይጻፍልኝ» ይበሉ። ይህን መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ወረቀቱም እንደ ኪኒኑ ሁሉ የሕክምናዎ አካል ነው።