ሁሉን ገልብጦ መርጦ የሚያነበው

ከመተማ ዮሐንስ ተሻግሮ ጋላባት፣ ከጋላባት ዶካ፣ ከዶካ ገዳሪፍ። ይህን መንገድ የሚያውቀው ነጋዴ ብቻ አይደለም። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከጎጃምና ከጎንደር ደጋ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርድ ወጣት ሁሉ ወሬውን ሰምቷል፤ አንዳንዱም ድንበሩን አልፎ ሄዶበታል። መሬቱ ወዲህም ወዲያም ያው ዋልካ ነው። ክረምት እግር ይይዛል፣ በጋ ደግሞ ክንድ የሚያስገባ ንቃቃት ይከፍታል። በላዩ ላይ ሱዳኖች ታልህ የሚሉት ግራርና ላሎብ የሚያፈራው ሂግሊግ ይበቅላል። በንቃቃቱ ውስጥ ቀን ተጠልላ የምትውል፣ ሲመሽ ለደም የምትወጣ፣ ከወባ ትንኝ በብዙ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ አለች። ሳይንሱ ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ ይላታል። ዛሬ የምናስተዋውቀው ግን እሷን አይደለም፤ በሆዷ ተሸክማው የምትዞረውን፣ ሌሽማንያ ዶኖቫኒ የተባለውን ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው።

ካላዛርን የሚያመጣው እሱ ነው። ሳምንታት የሚዘልቅ ትኩሳት፣ መመንመን፣ ደም ማነስ፣ ከግራ ጎድን ሥር ወደ እምብርት እያበጠ የሚወርድ ጣፊያ። ያልታከመ በሽተኛ ከሞት የሚያመልጠው ከስንት አንዱ ነው። ሱዳን ውስጥ በሽታው ሥር ከሰደደባቸው ቦታዎች ቀዳሚው የገዳሪፍ ግዛት ነው፤ በተለይም እኛ ጓንግ የምንለው የአትባራ ወንዝና ሽንፋ የምንለው የራሃድ ወንዝ ዳርቻዎች። ደጋ ላይ ፊት የሚያቆስለው ቁንጭር የዚሁ ጥገኛ ዘመድ ሥራ ነው። እሱ ግን ሌሽማንያ ኢቲዮፒካ ይባላል፣ ከገደል ሽኮኮ ጋር ይኖራል፣ ቆዳን አልፎ ወደ ጣፊያ አይዘልቅም። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያወራ ብዙ ሰው ስላለ ለይቶ ማወቁ ደግ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1903 ዊልያም ሌሽማን የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም፣ ከካልካታ አጠገብ ካለው ዱም ዱም የጦር ሰፈር ታሞ የተመለሰ ወታደር ጣፊያ ውስጥ ትንንሽ ክብ ነገሮች እንዳየ ጻፈ። በዚያው ዓመት ቻርልስ ዶኖቫን ማድራስ ላይ ተመሳሳዩን አገኘ፤ የጥገኛው ስም ከሁለቱ የተዋጣ ነው። በማግስቱ ዓመት ሊዮናርድ ሮጀርስ ካልካታ ላይ የበሽተኛ ጣፊያ ፈሳሽ ወስዶ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አስቀመጠው። ከቀናት በኋላ በማጉያው ሥር ሲያየው ክቦቹ የሉም። በቦታቸው ረዘም ያሉ፣ ከፊታቸው እንደ ጅራፍ ቀጭን ክር አውጥተው የሚዋኙ ፍጥረታት ነበሩ። ሮጀርስ ማቀዝቀዝ እንጂ ሌላ ብዙ ነገር አላደረገም። ዛሬም ጎንደር ላይ ከጣፊያ የተወሰደ ናሙና በ26 ዲግሪ አካባቢ ቢቆይ ይኸው ለውጥ ይታያል።

ዋናተኛው መልክ የዝንቧ ውስጥ ኑሮው ነው። ዝንቧ ስትነድፍ ከደም ጋር ይፈስና ማክሮፋጅ የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ይውጠዋል። ማክሮፋጅ ሥራው መዋጥና መፍጨት ነው፤ የዋጠውን ከረጢት ውስጥ አስገብቶ አሲድና ፈጪ ፈሳሽ ይለቅበታል። አብዛኛው ባክቴሪያ እዚያ ያልቃል። ሌሽማንያ ግን ጅራፉን ይሰበስባል፣ ለብሶት የመጣውን ወፍራም የስኳር ካባ ያወልቃል፣ ከሚሊሜትር ሦስት ሺሕኛ ወደሚሆን ክብ ነገር ይሸበሸባል፣ ከዚያም በዚያው አሲድ ውስጥ ይባዛል። ሊፈጨው በገባበት ሆድ ውስጥ ቤተሰብ ያፈራል ማለት ነው። ሕዋሱ ሲፈነዳ ልጆቹ ወደ ሌላ ማክሮፋጅ ይገባሉ፤ ጣፊያ፣ ጉበት፣ መቅኔ በእነሱ ይሞላል። በመጨረሻ ሌላ ዝንብ ከደሙ ትመጣለች፣ ክቦቹ ወደ ቀዝቃዛ ሆዷ ይገባሉ፣ ጅራፋቸውንም መልሰው ያወጣሉ።

የሁለቱ መልኮች ዘረመል ሆሄ በሆሄ አንድ ነው። ታዲያ አንዱ ፍጥረት ሁለት የሆነው እንዴት ነው?

በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ላስረዳ። ጂን ማለት አንድ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈበት መጽሐፍ ነው እንበል። መጽሐፉ ራሱ ከዕቃ ቤት አይወጣም፤ የሚያገለግለው ቅጂው ነው። የእኛም የጤፍም የባክቴሪያም ሕዋስ ዕቃ ጠባቂ አለው። የተፈለገው መጽሐፍ ብቻ ለጸሐፊው ይሰጠዋል፣ የቀረው እንደተቆለፈ ይቆያል። የታይፎይድ ባክቴሪያ ጥሩ ምሳሌ ነው። እሱም እንደ ሌሽማንያ በማክሮፋጅ ከረጢት ውስጥ መኖር ይችላል፣ እሱም የከረጢቱን አሲድ ይቀምሳል። አሲዱን የሚቀምስ አንድ ፕሮቲን በቆዳው ላይ አለው፤ ያ ፕሮቲን ለሌላ ፕሮቲን ምልክት ይሰጣል፣ ሁለተኛው ሄዶ የተመረጡ ጂኖችን ቁልፍ ይከፍታል። ትእዛዙ ከበር ይጀምራል፤ በመጽሐፍ የምናነበው የጂን ቁጥጥርም በአብዛኛው ይኸው ነው።

ሌሽማንያ ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው። የዘመዱ የሌሽማንያ ሜጀር ሙሉ ዘረመል እ.ኤ.አ. በ2005 ተነቦ ሲታተም በ36 ክሮሞዞሞች ላይ ከ8 ሺህ በላይ ጂኖች ተገኙ፤ የእኛው የካላዛሩም አቀማመጥ ከዚያ ብዙ አይለይም። ጂኖቹ አሥርም መቶም እየሆኑ በረጅም ረድፍ ተሰልፈዋል። ባክቴሪያም ጂኖቹን ያሰልፋል፣ ግን ለአንድ ሥራ የሚያገለግሉትን አንድ ላይ አድርጎ፣ በራስጌያቸው ቁልፍ አስቀምጦ ነው። የሌሽማንያ ሰልፈኞች በሥራ አይዛመዱም፤ ለየራሳቸው የሚሆን ቁልፍም የላቸውም። ጸሐፊው ከረድፉ ጫፍ ይነሳና ያገኘውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይገለብጣል። በዝንቧ ሆድም ይሁን በሰው ጣፊያ፣ ቀንም ሌትም፣ ሁሉም መጽሐፍ ይገለበጣል።

የወጣው ረጅም ብራና ከዚያ ይቆራረጣል። በእያንዳንዱ ቁራጭ ራስ ላይ ከሌላ ቦታ የመጡ ያው 39 ሆሄያት ይለጠፋሉ። ብዙ የብራና መጽሐፍ በስመ አብ ብሎ እንደሚጀምር፣ የሌሽማንያ መልእክት ሁሉ በእነዚህ 39 ሆሄያት ይጀምራል። ያለ እነሱ የሚያነበው የለም። በእኛ ሕዋስ ይህ የለም፤ መድኃኒት ፈላጊዎች ዓይናቸውን ቢጥሉበት አይፈረድም።

ቁጥጥሩ የሚመጣው ከቅጂው በኋላ ነው። የትኛው ቅጂ ይቆይ፣ የትኛው ይቃጠል፣ የትኛው ይነበብ የሚለው የሚወሰነው በአብዛኛው በቅጂው ጅራት ነው። ከመልእክቱ መጨረሻ በኋላ ፕሮቲን የማይሠራ ትርፍ ጽሑፍ አለ። ፕሮቲኖች እዚያ ላይ እየተጣበቁ ቅጂውን ያቆዩታል ወይም ያስጥሉታል። ከሁሉ የሚገርመኝ ኤች ኤስ ፒ 83 የተባለው የሙቀት ተከላካይ ፕሮቲን መልእክት ነው። ጅራቱ ላይ ሙቀትን የሚለይ ክፍል አለ፤ በዝንቧ ልክ ሲቀዘቅዝ ታጥፎ ይቆያል፣ በሰው ሰውነት ልክ ሲሞቅ ይፈታል፣ ንባቡም ይበረታል። ወረቀቱ ራሱ ቴርሞሜትር ነው ማለት ነው።

ይህ ፕሮቲን በለውጡ ውስጥ ያለው ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ አንድ ሙከራ ታይቷል። ተመራማሪዎች ዋናተኛውን ሌሽማንያ በቀዝቃዛ ዕቃ እንዳለ ትተው፣ ፕሮቲኑን በመድኃኒት እንዳይሠራ አገዱት። ጥገኛው ሙቀት የመጣበት መሰለውና ወደ ክብ መልኩ መለወጥ ጀመረ። የሰው ገላም ማክሮፋጅም በአቅራቢያው አልነበረም። በተፈጥሮው መንገድ ግን ሌሽማንያ ዶኖቫኒ ሁለቱንም ምልክት ይፈልጋል፤ 37 ዲግሪ ሙቀትንና የከረጢቱን አሲድ። ሁለቱ ከተሟሉ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት በዓይን የሚታይ ነገር የለም፣ ከዚያ መዋኘቱን ያቆማል፣ አንድ ቀን ሲሞላ ክብ ሆኗል። ውስጣዊው ለውጥ ተጠናቆ እስኪያበቃ ግን አምስት ቀን ያህል ይፈጃል።

በክቡ መልክ ብቻ በብዛት ከሚነበቡት መካከል ኤ2 የተባሉት ጂኖች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 ካናዳ ውስጥ ተለይተው ታወቁ። ቆዳ ብቻ በሚያቆስለው በሌሽማንያ ሜጀር ውስጥ ተበላሽተው ፍርስራሻቸው ብቻ ይገኛል፤ ስለዚህ ጥገኛው ጣፊያ ድረስ እንዲዘልቅ ከሚረዱት አንዱ እንደሆኑ ይታመናል።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። አንዳንዴ ቅጂ መምረጥ ብቻ አይበቃም፣ መብዛትም ያስፈልጋል። ቁልፍ የሌለው ዕቃ ቤት ለዚህ ያገኘው ዘዴ መጽሐፉን ራሱን ማባዛት ነው። እኛ ከየክሮሞዞሙ ሁለት ሁለት አለን፤ አንድ ቢተርፍ ወይም ቢጎድል ብዙ ጊዜ ሕመም ነው። ሌሽማንያ ግን አንዱን ክሮሞዞም ሦስት፣ ሌላውን አራት አድርጎ ምንም ሳይመስለው ይኖራል። ከዝንብ ወደ እንስሳ ገላ ሲዛወር ቁጥሩን ይቀያይራል፤ መድኃኒት ሲበረታበትም መርዙን የሚያስወጡለትን ጂኖች ያበዛል። ሁሉን ገልብጦ አብዛኛውን መጣል ብክነት ነው የሚል ቢኖር አልከራከረውም። ነገር ግን ከ26 ዲግሪ ወደ 37 በአንዲት ንድፊያ ለሚወረወር ፍጥረት፣ ሁሉን አዘጋጅቶ መጠበቅ ያን ያህል ሞኝነት አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ ለገዳሪፉ በሽተኛ ምን ይፈይዳል? አንዱን ልንገራችሁ። በቆላው ለዘመናት ካላዛርን ሲያክም የኖረው አንቲሞኒ ያለበት መርፌ፣ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት፣ ክቡን መልክ ይገድላል፤ በብልቃጥ የሚዋኘውን ግን እምብዛም አይነካውም። በቀላሉ በሚያድገው ዋናተኛ ላይ ብቻ መድኃኒት የፈተነ ሰው፣ ጥሩውን መርፌ አይረባም ብሎ ሊጥለው ይችል ነበር። አንድ ዘረመል ስላላቸው አንድ ዓይነት ይታከማሉ ማለት አይቻልም።

መድኃኒቱም ከአገር አገር ይለያል። ፓሮሞማይሲን ሕንድ ውስጥ ብቻውን በቂ ነበር። ገዳሪፍ ኡም ኤል ኬር፣ ጎንደርና አርባ ምንጭን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ሲሞከር ግን ያው መጠን አልበቃም፤ በተለይ ሱዳን ላይ ደከመ። ከስቲቦግሉኮኔት ጋር ሲጣመር ግን ከ90 በመቶ በላይ አዳነ፣ የ30 ቀኑን መርፌም ወደ 17 ቀን አሳጠረው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን ጥምረት ለአካባቢው የመጀመሪያ ምርጫ አደረገው። ከዚያ ወዲህ በዶካ፣ በኡም ኤል ኬር፣ በጎንደርና በአብደራፊ ጭምር በተደረገ ሌላ ሙከራ ፓሮሞማይሲን ከሚዋጠው ሚልቴፎሲን ጋር ለ14 ቀን ተሰጥቶ ተመጣጣኝ ውጤት አሳይቷል። ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት በሽተኛ ግን ነገሩ ይከፋበታል። የሚጠብቀው ሠራዊት ስለደከመ ክቦቹ ጨርሰው አይጠፉም፤ ድኖ የሄደው ሰው ደጋግሞ ይመለሳል።

መከላከሉ ቀለል ይላል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1999 መጨረሻ እስከ 2001 መጀመሪያ ባለው ጊዜ በገዳሪፍ 155 መንደሮች 114 ሺህ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር አደሉ፤ የበሽተኛው ቁጥርም ቀነሰ። ችግሩ በእርሻው ውስጥ ከግራር ሥር ሜዳ ላይ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ ነው። አጎበር የሚሰቅልበት ምሰሶ የለውም፣ ብዙ ጊዜም አጎበሩ ራሱ የለውም።

ከንድፊያው እስከ ትኩሳቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ያልፋል። በዚህ መካከል ሰውየው ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ ደጋ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ የታየው ወረርሽኝ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተብሎ ነበር፤ ካላዛር መሆኑ እስኪታወቅ ብዙ ሰው አልቋል። ስለዚህ ከመተማ፣ ከሁመራ ወይም ከገዳሪፍ የተመለሰ ዘመድ ካላችሁና ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ የወባ ምርመራውም ነጻ ካለው፣ ጤና ጣቢያ ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የት ሠርቶ እንደመጣ ይናገር።