የሄቪ ሜታል ዘፈን ግጥም እንዴት ይተረጎማል?

ሄቪ ሜታል በመባል የሚታወቀው የሮክ ሙዚቃ ስልት ስሙ የሚነሣው በጩኸቱ እንጂ በግጥሙ አይደለም። የጊታሩ ድምፅ ጎርናና፣ ከበሮው ኃይለኛ፣ የዘፈኖቹም ርእስ ሞት፣ ጦርነትና ሰይጣን ስለሚበዛበት ልጆቻቸው ሲያደምጡት የሚሰጉ ወላጆች በየሀገሩ አሉ። ሆኖም የዘፈን ርእስና የዘፈን መልእክት ብዙ ጊዜ ለየቅል ናቸው።

የእንግሊዙ ባንድ ብላክ ሳባት እ.ኤ.አ. በ1970፣ በቬትናም ጦርነት ዘመን ያወጣው «ዋር ፒግስ» ጠንቋዮችንና ሰይጣንን ያነሣል። በጠንቋይ የተመሰሉት ግን ራሳቸው ከጦር ሜዳ ርቀው የድኻውን ልጅ ወደ ሞት የሚልኩ ጄኔራሎች ናቸው። የዚህ ፍች ሩቅ አይደለም፤ ግጥሙን እስከ መጨረሻው መስማት ይበቃል።

የባንዱ ድምፃዊ የነበረው ኦዚ ኦዝቦርን በ1980 ለብቻው ያወጣው «ሱሳይድ ሶሉሽን» ግን ጠለቅ ይላል። ርእሱን ብቻ የሰማ «ራስን ማጥፋት መፍትሔ ነው» የሚል ይመስለዋል። ይሁንና «ሶሉሽን» በእንግሊዝኛ ሁለት ፍች አለው፤ አንዱ መፍትሔ፣ ሌላው ዩሪያ በውኃ ሲሟሟ እንደሚገኘው ያለ ፈሳሽ። በአማርኛ ቅኔ ኅብረ ቃል የሚባለው ይህ ነው። ሰሙ መፍትሔ ሲሆን ወርቁ በጠርሙስ ያለው መጠጥ ነው፤ ግጥሙም ሰውን ቀስ በቀስ ስለሚገድል የአልኮል ሱስ ይናገራል። ኦዚ መነሻው በዚያው ዓመት ከብዙ መጠጥ በኋላ የሞተው የኤሲ ዲሲ ባንድ ድምፃዊ ቦን ስኮት መሆኑን ሲገልጽ፣ ግጥሙን የጻፈው የባስ ጊታር ተጫዋቹ ቦብ ዴይስሊ ደግሞ የጻፈው ስለ ራሱ ስለ ኦዚ ጠጪነት እንደሆነ ተናግሯል።

ትርጓሜው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። በ1984 በካሊፎርኒያ አንድ የ19 ዓመት ወጣት የኦዚን ሙዚቃ ሲያደምጥ ቆይቶ የገዛ ሕይወቱን በማጥፋቱ፣ ወላጆቹ ድምፃዊውንና አሳታሚውን ከሰሱ። በመዝገቡ እንደ ሰፈረው ወጣቱ ከመጠጥ ሱስና ከከባድ የስሜት ችግር ጋር ይታገል ነበር፤ ዘፈኑ የሚያወሳው ችግር የእርሱም ችግር ነበረ ማለት ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1988 የክሱን ውድቅ መሆን ሲያጸና፣ ዘፈንና ግጥም ቃል በቃል እንደሚፈጸም ትእዛዝ የሚወሰዱ አለመሆናቸውን አመልክቷል።

ውሳኔው በሕግ ረገድ ትክክል ቢሆንም ለወላጆቹ ሊባልላቸው የሚገባ ነገር አለ። ወርቁ የሚገለጠው ኅብረ ቃሉን ለለየ አድማጭ ነው፤ በጭንቀት ላይ ያለ ወጣት ሰሙን ብቻ ይዞ ሊቀር ይችላል። ልጁ አዘውትሮ የሚያደምጠውን ዘፈን እንዲተረጉምለት የሚጠይቅ ወላጅ፣ ልጁ የያዘው የትኛውን እንደሆነ ከመልሱ ይረዳል።