ውኃ፣ ጌሾና ማር፤ የጎጃም መጠጥ ጣዕም ከወዴት ይመጣል?

ከደብረ ማርቆስ ገበያ ጌሾ፣ ብቅልና ማር ገዝቶ የሄደ ደንበኛ፣ ጠላው መድኃኒት መድኃኒት ቢሸተው ወይም ጠጁ መዐዛ ቢያጣበት፣ ተመልሶ የሚወቅሰው ሻጩን ነው። ነገር ግን በጋን ውስጥ ካለው መጠጥ እጅግ የሚበዛው ውኃ ስለ ሆነ፣ ጥፋቱ ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ይህን ለይቶ ማወቅ ለጠማቂዋ ብቻ ሳይሆን፣ የዕቃውን መልካም ስም ለሚጠብቅ ነጋዴም ይጠቅማል።

የጎጃም ደጋ፣ ከጮቄ ተራራ ጀምሮ፣ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ በወጣ ጥቁር ድንጋይ የተሠራ ነው። በእንዲህ ያለ ድንጋይ ውስጥ የሚያልፍ ውኃ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ባይካርቦኔት የተባሉትን አሟሙቶ ይይዛል። ባይካርቦኔት የበዛበት ውኃ በድፍድፉ ውስጥ ያለውን የአሲድ ኀይል ስለሚቀንስ፣ ነጣ ያለው ጠላ ጣዕሙ ይደነዝዛል፤ ምሬቱም ይሻክራል። የተቆላ እህል ግን አሲድነት ስላለው ይህን ያመዛዝናል። በአሻሮና በእንኩሮ የተጠመቀ ጠይም ጠላ ከባዱን ውኃ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የአየርላንድ ዋና ከተማ ደብሊን በጥቁር ቢራ፣ ለስላሳ ውኃ ያላት የቼክ ከተማ ፒልሰን ደግሞ በወርቃማ ቢራ ስም ያተረፉት ከውኃቸው ጠባይ የተነሣ ነው።

ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውኃ ከባድ መሆኑ ይታወቃል። ማለስለሻውም ማፍላት ነው። ሲፈላ ባይካርቦኔቱ ይፈርስና ኖራው ከታች ይዘቅጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ከላይ ያለውን በቀስታ መቅዳት ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ውኃ የሚፈላባት በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ስለዚህ ማፍላቱን ጥቂት ማስረዘም ይገባል።

በእንግሊዝ አገር በርተን የተባለችው ከተማ ጂፕሰም ባለበት ውኃዋ ምሬቱ ጥርት ያለ ቢራ በመጥመቅ ታውቃለች። ጂፕሰም በዐባይ ሸለቆ ግድግዳ ውስጥም ተነባብሮ ይገኛል። ሆኖም ለሕንፃ ሥራ የተቈፈረውን ለመጠጥ ማዋል ፈጽሞ አይገባም። ከዚህም በላይ ጂፕሰም ምሬትን ስለሚያጐላ፣ የአበባ መዐዛ ለሚፈለግበት መጠጥ አያስፈልግም።

የመድኃኒቱ ሽታ ምክንያት ሌላ ነው። ጋን በወይራና በጥንጁት ሲታጠን፣ ጢሱ ፌኖል የተባለውን ነገር ይተዋል። በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ከፌኖል ጋራ ሲገናኝ፣ ጥቂቱ እንኳ መጠጡን የሚያበላሽ ሽታ ይፈጥራል። መፍትሔው ውኃውን ቀድሞ ማፍላት፣ ወይም አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ገልጦ ማሳደር ነው።

የአበባው መዐዛ የሚገኘው ከማሩ ነው። ክረምት ሲወጣ አደይ አበባና መች መስኩን ሲሸፍኑት ንቦች የሚሰበስቡት ማር ልዩ መዐዛ አለው። መዐዛው በሙቀት ስለሚበን ማሩን ማፍላት አይገባም፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ፣ ለአንድ እጅ ማር ሦስት ወይም አራት እጅ ውኃ አድርጎ መበጥበጥ ይሻላል። ጌሾውም ከልክ በላይ ከቈየ ምሬቱ አበባውን ስለሚሸፍነው፣ እየቀመሱ በጊዜው ማውጣት ነው። ስኳር የተቀላቀለበት ማር ግን በማናቸውም ብልሃት የአበባ መዐዛ አይሰጥም፤ እንዲህ ያለውን የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን ያጣል።

ጌሾ ወደ ውጭ ለሚልኩ ነጋዴዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ፣ ከ1993 ዓ/ም (እ.ኤ.አ. 2000) ጀምሮ በአብዛኛው የዓመቱ ጊዜ የቧንቧው ውኃ የሚታከመው በክሎራሚን ነው። ክሎራሚን እንደ ክሎሪን ገልጦ በማሳደር አይለቅም፤ በከሰል ማጣሪያ ወይም ለመጠጥ ጠመቃ በሚሸጥ የሜታባይሰልፋይት እንክብል መወገድ አለበት። ይህን ያላወቀ ጠማቂ ከጎጃም የሄደውን መልካም ጌሾ እንደ ብልሹ ይቈጥረዋል።

ስለዚህ ላኪው በየከረጢቱ ስለ ውኃው አሠራር የምታስረዳ አጭር ወረቀት ቢጨምር፣ ባለሱቁም ደንበኛው በምን ውኃ እንደሚጠምቅ ቢጠይቅ፣ ወጪው ጥቂት ነው፤ የሚጠበቀው ግን የዕቃው ክብር ነው።