ከፓስፊክ እስከ ነቀምቴ፦ የወለጋ ዝናብ መነሻው የት ነው?

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ዝቅ ይላል። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ የዝናብ ድምፅ።)

ተራኪ 1፦ ከነቀምቴ ከተማ ተነሥቶ መሬትን በመሐሏ አልፎ እስከ ወዲያኛው ጫፍ የሚበሳ ቢኖር፣ የሚወጣው በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ ከማርኬሳስ ደሴቶች በስተምዕራብ ነው። ከዚያ ጥቂት ወደ ሰሜን፣ የምድር ወገብን ተከትሎ፣ የዓለም የአየር ጠባይ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን የማይነቅሉበት የባሕር ክልል አለ። የዚያ ውኃ ሙቀት ከመደበኛው በግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ጨምሮ ለወራት ከቆየ ኤልኒኖ ተከሰተ ይባላል። በዚያው ልክ ከቀዘቀዘ ደግሞ ላኒና።

ተራኪ 2፦ ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደጋማ ከተማ ናት። ከባሕር ጋር ምን አገናኛት? የዛሬው ዝግጅታችን ይህን ይመለከታል።

(ሙዚቃ)

ተራኪ 1፦ በወለጋ ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ ዘግይቶ ይወጣል። በብዙው አካባቢ ከሚያዝያና ግንቦት ጀምሮ እየበረታ ይሄድና በሐምሌና ነሐሴ ጣሪያ ይነካል፤ የኢሬቻ በዓል ሲቃረብ ደግሞ እየሳሳ ይመጣል። ይህን ሁሉ ውኃ የሚሸከመው አየር ከሩቅ የመጣ ነው። ከፊሉ ከአትላንቲክ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ የኮንጎን ደን አቋርጦ ይደርሳል። ከፊሉ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ሌላውም በሰሜን በኩል በቀይ ባሕር ላይ አልፎ ይመጣል። ይህ እርጥበት አዘል አየር የምዕራቡን ተራራማ አገር ሲያገኝ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘንባል።

ተራኪ 2፦ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ በሶማሊያ ጠረፍ ላይ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ እጅግ ይበረታል። እንግሊዛዊው የሜትሮሎጂ ባለሙያ ጆን ፊንድላተር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያጠናውና በስሙ የሚጠራው ብርቱ የአየር ፍሰት ይህ ነው። በእነዚያ ሳምንታት የባሕር ትንበያው ለመርከበኞች ስለ ከፍተኛ ማዕበል ያስጠነቅቃል፤ የሶማሊያ ዓሣ አጥማጆችም ጀልባቸውን ወደ የብስ ይጎትታሉ። በዚያው ወቅት የወለጋ ገበሬ በቆሎውን ይኮተኩታል። የባሕሩ ወሬና የማሳው ወሬ የአንድ ወቅት ወሬ ነው።

(የማዕበል ድምፅ፤ ቀስ በቀስ በዝናብ ድምፅ ይተካል።)

ተራኪ 1፦ ፓስፊክ ሲሞቅ ምን ይፈጠራል? በሞቀው ውኃ ላይ አየር በብዛት ወደ ላይ ይነሣል። በሌላው የምድር ክፍል፣ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካም ጭምር፣ አየሩ ወደ ታች የመጫን ዝንባሌ ይኖረዋል። ወደ ታች የሚጫን አየር ደመና አይሠራም። በክረምት ዝናብ እንዲዘንብ የሚያግዘው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው የላይኛው አየር ፍሰትም ይዳከማል። ስለዚህ በብዙ የኤልኒኖ ዓመታት የኢትዮጵያ ክረምት ዘግይቶ ይገባል፤ ወይም በመሐል ይቋረጣል፤ ወይም ቀድሞ ይወጣል።

ተራኪ 2፦ የ2007 ዓ.ም. ክረምት የዚህ ምስክር ነው። በዚያ ዓመት የተከሰተው ኤልኒኖ ከተመዘገቡት ብርቱዎች አንዱ ነበር። አፋር፣ የሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ ሐረርጌ፣ የወሎና የትግራይ ምሥራቃዊ ወረዳዎች ክፉኛ ተጎዱ። በ2008 ዓ.ም. የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን መድረሱ ተገለጸ። ወለጋ ብዙ ዝናብ የለመደ አገር በመሆኑ እንዲህ ያለውን ዓመት ከሌላው ቀለል አድርጎ ያልፋል። ይሁን እንጂ የዝናብ ብዛት ብቻውን ሰብል አያደርስም። ዝናቡ የሚቆይበት ቀንም ሊበቃ ይገባል።

ተራኪ 1፦ በአዲስ አበባና በነቀምቴ መካከል የሚገኘው የባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከዚያ የወጣው ታዋቂው የበቆሎ ዝርያ ቢኤች 660 ለመድረስ 160 ቀን ገደማ ይፈልጋል። ቢኤች 540 ግን በ145 ቀን አካባቢ ይደርሳል። ክረምቱ በሁለት ሳምንት ዘግይቶ ገብቶ በጊዜው ከወጣ፣ በሁለቱ ዝርያዎች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ነው። ገበሬው ዘሩን የሚመርጠው ዝናቡን ካየ በኋላ ሳይሆን ቀደም ብሎ ነው። የባሕር ሙቀት ትንበያ ዋጋውም እዚህ ላይ ነው፤ ዝናቡ ሳይመጣ ወሬውን ይዞ ይመጣልና።

(ሙዚቃ)

ተራኪ 2፦ ይህ ወሬ የሚሰበሰበው በከባድ ልፋት ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. የጀመረው ታላቅ ኤልኒኖ እጅግ ከበረታ በኋላ ነበር ሳይንቲስቶች በቅጡ ያወቁት። ከዚያ ትምህርት ተነሥተው በፓስፊክ የምድር ወገብ ክልል 70 ያህል ተንሳፋፊ መለኪያዎችን አሰማሩ፤ ሥራውም በ1994 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። ዛሬ በየውቅያኖሱ 4,000 ገደማ መሣሪያዎች እስከ 2,000 ሜትር ጥልቀት እየጠለቁ፣ በየ10 ቀኑ ብቅ እያሉ ሙቀቱንና ጨዋማነቱን በሳተላይት ይልካሉ።

ተራኪ 1፦ በ1973 ዓ.ም. ራሱን ችሎ የተቋቋመው የአገራችን የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ይህን መረጃ ተመልክቶ ያለፉትን ተመሳሳይ ዓመታት ያነጻጽራል። ከዚያም ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት የየወቅቱን ትንበያ ያወጣል። ትንበያው የሚነገረው በዕድል ነው። ለምሳሌ ዝናቡ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 ከመቶ፣ መደበኛ የመሆን 35፣ ከመደበኛ በላይ የመሆን 20 ከመቶ ነው ሊባል ይችላል። ይህ ማለት ድርቅ ይመጣል ማለት አይደለም፤ ጥንቃቄው ወደየት ማዘንበል እንዳለበት ግን ይናገራል።

ተራኪ 2፦ አንዱ የባሕር ወሬ ለሁሉም አንድ ዓይነት ፍች የለውም። ላኒና ለወለጋ ክረምት ብዙ ጊዜ መልካም ነው። ለቦረናና ለሶማሌ አርብቶ አደር ግን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የቆየው ላኒና በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ከከሸፉበት ድርቅ ጋር የተያያዘ ነበር። የሕንድ ውቅያኖስ ጉዳይም ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. መባቻ የውቅያኖሱ ምዕራባዊ ክፍል ከምሥራቁ እጅግ ሞቆ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ያለ ልክ ዘነበ።

ተራኪ 1፦ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በደምቢ ዶሎ እንዲህ ያለው ያለ ወቅቱ የሚመጣ ዝናብ ቀላል ነገር አይደለም። የወለጋ ቡና፣ በዓለም ገበያ ለቀምት እየተባለ የሚታወቀው፣ በብዛት ከነገለፈቱ የሚደርቅ ነው። ቡናው ተለቅሞ አልጋ ላይ በተሰጣበት ሰዓት ያለ ወቅቱ ዝናብ ከመጣ፣ ይሻግታል፤ ደረጃው ይወርዳል። አስቀድሞ የሰማ ገበሬ ሸራውን ያዘጋጃል፤ የበሰለውን ቶሎ ይለቅማል።

ተራኪ 2፦ ጉዳዩ ከማሳም ያልፋል። ከሆሮ ጉዱሩ የሚነሣው ፊንጫ፣ አንገርን የሚጨምረው ዴዴሳ፣ ከወለጋ ምዕራብ የሚወርደው ዳቡስ፣ ሁሉም ወደ ዓባይ ይገባሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ውኃ ከእነዚህም ይሰበሰባል። የፓስፊክ ሙቀት በተርባይኑም ላይ ይደርሳል ማለት ነው።

(ሙዚቃ ቀስ ብሎ ይገባል።)

ተራኪ 1፦ መለኪያው ባሕር ላይ አለ። ሳተላይቱ አለ። ባለሙያውም አለ። ገና የቀረን የመጨረሻው መንገድ ነው፤ ከትንበያው ሰነድ እስከ ገበሬው ደጃፍ። ትንበያ በአፋን ኦሮሞ፣ ከዘር በፊት፣ ለየወረዳው ተተንትኖ፣ «እንግዲህ ምን ይደረግ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዞ ካልደረሰ፣ የባሕሩ ልፋት ሁሉ ባሕር ላይ ይቀራል።

ተራኪ 2፦ ስለዚህ፣ የቀበሌ የልማት ሠራተኞች፣ የክረምቱን ትንበያ በግንቦት ጠይቁ፤ ከዘር ምርጫው ጋር አያይዛችሁ አስረዱ። በአካባቢው የምትገኙ ሬዲዮ ጣቢያዎች፣ ትንበያውን ከዜና ማብቂያ አውጥታችሁ የራሱን ሰዓት ስጡት። ገበሬዎቻችን፣ እናቶችና አባቶች፣ የሰማይ ምልክት የማንበብ ዕውቀታችሁን ጠብቁ፤ የባሕሩንም ወሬ ጨምሩበት። ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ዘንድሮው ክረምት ጠይቁ፤ መልስ ማግኘት መብታችሁ ነው።

(የመውጫ ሙዚቃ።)