የመሪ ንግግር እቤታችን ይገባል

ሚያዝያ 4 ቀን 1969 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሬዲዮ የእናት አገር ጥሪ አሰሙ። እሳቸው ኋላ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። በጥሪው ዓመት ኢዲዩ በሱዳን እየተረዳ መተማንና ሁመራን ይዞ ነበር።

ጥሪው እንደተሰማ ብዙ ገበሬ ሞፈሩን ሰቅሎ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ። ስንቱ ወጥቶ ቀረ! ያን ጊዜ ብዙው ሰው ንግግሩን ሰማ እንጂ አንብቦ ሊመረምረው አልቻለም።

መተማ ላይ ስለ ሱዳን የሚነገር ቃል የሩቅ ወሬ አይደለም። ሰሊጣችንን፣ ከብታችንን፣ ገበያችንን ይነካል።

ዛሬ ፊደል ቆጥረናል። ስለዚህ ንግግር በጋዜጣ ሲወጣ እናንብብ። እንዲህም ብለን እንጠይቅ፦ ምን ተባለ? ዋጋውን ማን ይከፍላል? ከተባለውስ ምን ተፈጸመ?